ይህ ወንበር ተይዟል



ቤታችን ውስጥ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሚኒባስ አለ። ሹፌሯም ረዳቷም አንድ ሰው ናት፤ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጃችን።

ሚኒባሱ አምስት በርጩማ ነው። ሦስቱ የእንጨት፣ ሁለቱ ቡና ሲፈላ የምንቀመጥባቸው የፕላስቲክ። መሪው ሰፌድ፣ ማርሹ ማማሰያ፣ ክላክሱ የራሷ አፍ ነው። ሒሳብ የሚከፈለው በባቄላ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ባቄላ። ልትነሳ ስትል በሩ ላይ ትቆምና ድምፅዋን አወፍራ "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የሞላ! የሞላ!" ትላለች። ሚኒባሷ ግን እንደ እውነተኛው ሁሉ፣ ሞላ ከተባለ በኋላም ሩብ ሰዓት ትቆማለች።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሐረጎን መውረድ ማለት ኩርባ በኩርባ ነው። ልጃችን ኩርባ በደረሰች ቁጥር ሰፌዱን አዙራ ሰውነቷን ወደ ጎን ታጋድላለች። እኛም አብረን ማጋደል አለብን። ረስተን ቀጥ ብለን ከተቀመጥን ሚኒባሱን ታቆምና ዞር ብላ "ትወድቃላችሁ እኮ!" ብላ ትቆጣናለች። አንድ ቀን ማታ ደክሞን፣ ዓይናችን እየተከደነ፣ ሐረጎን ሦስት ጊዜ ወርደናል።

ተሳፋሪዎቹ እኛ ብቻ አይደለንም። ትልቁ ትራስ መንገዱን ሙሉ በስልክ የሚያወራ ሰውዬ ነው። ቢጫው ጀሪካን ገበያ ውላ የምትመለስ ሴትዮ ናት። ጀበናዋ ደግሞ እርጉዝ ናት። ማንም አልነገራትም፤ ሆዷን አይታ መሰለን። "ቦታ ልቀቁላት፣ እርጉዝ ናት" ትላለች፤ ከእኛ አንዱ ተነሥቶ መሬት ይቀመጣል፣ ጀበናዋ በክብር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች።

ከአምስቱ በርጩማዎች አንዱ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። ጋቢናው ላይ። ከሹፌሯ ጎን ያለው ነው። እዚያ ልንቀመጥ ስንል እጇን ዘርግታ ትከለክለናለች።

"ይህ ወንበር ተይዟል።"

ማን እንደያዘው ለብዙ ቀን አልጠየቅናትም። ረዳት ተይዟል ካለ ተይዟል ነው፤ ወደ ኋላ አልፎ መቀመጥ ነው።

ያ ጀመዓ፣ ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ገና ያላገባችሁ እንደሆናችሁ እናውቃለን። ግን ታናሽ እህት ወይም ወንድም ያለው፣ የአክስቱ ልጅ እግሩ ሥር የሚርመሰመስበት ሰው አይጠፋም። እስኪ አንድ ቀን ስልካችሁን አስቀምጡና ልጁ በዕቃ የሚሠራውን እዩት።

እኛ ያየነውን እንንገራችሁ። ለዒድ አልፊጥር ፒያሳ ወርደን የፕላስቲክ የማዕድ ቤት ዕቃ ገዝተንላት ነበር። ትንሽ ድስት፣ ትንሽ ምድጃ፣ ለሁለት የሚከፈል ካሮት። ከአቅማችን በላይ ነበር፤ ለምን እንደገዛነው ዘግየት ብለን እንነግራችኋለን። ሁለት ቀን ተጫወተችበት፤ በሦስተኛው ቀን አልጋ ሥር ገባ። ያኔ ተናድደን ነበር። ኋላ ስናስበው ግን ልክ ናት። የፕላስቲኩ ድስት ድስት ከመሆን ሌላ ምንም መሆን አይችልም። ማማሰያው ግን ጠዋት ማርሽ ነው፣ ከሰዓት የኡስታዝ አለንጋ ነው፣ ማታ ሙአዚኑ የሚይዘው ማይክ ነው፤ ሲያማት ደግሞ የሙቀት መለኪያ ሆኖ ብብቷ ሥር ይገባል።

ቁርኣን ቤቷን ብታዩት! ስኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ትደረድራለች። ስድስት ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ጠርዟ የተሸረፈ ናት፤ ምን እንዳደረገቻት አናውቅም፣ ሁልጊዜ ሳትሐፍዝ የምትመጣው እሷ ናት። "አንቺ የተሸረፍሽው! ፋቲሓን አሰሚ!" ትላትና ጆሮዋን ወደ ስኒዋ አስጠግታ ትሰማለች። ከዚያ ራሷን ነቅንቃ "ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ።" አንድ ጊዜ መስገጃውን ወለሉ ላይ ዘርግታ ወንዝ አደረገችው። መስገጃ መጫወቻ አይደለም ብለን ልናነሳው ስንል "ኧረ ውዱእ እያደረግኩበት ነው!" አለችን። ምን ይባላል? ውዱኧዋን እስክትጨርስ ጠበቅናት።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፤ ያለዚህ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በቤታችን ምጥ መጣ። ልጃችንን አክስቷ ወደ ኮምቦልቻ ይዛት ሄደች። በሚኒባስ፣ ጋቢና ላይ፣ በአክስቷ ጭን ተቀምጣ። ስንሸኛት "ስትመለሺ ወንድምሽ እዚህ ይጠብቅሻል" አልናት። እሷም በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

ልጁ ዘጠኝ ሰዓት ኖረ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተወልዶ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነፍሱ ወጣች። አዛን በጆሮው ተብሎለታል። ስም ወጥቶለታል። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት ከዐስር በፊት ተቀበረ። ከሁለታችን አንዱ በሁለት እጁ ታቅፎት ወደ ቀብር ሄደ፤ አንዷ ወደ ግድግዳው ዞራ አልጋ ላይ ቀረች። የአላህ ውሳኔ ነው፤ በሁሉም ሁኔታ አልሐምዱሊላህ።

ሰው ሁሉ መጥቶ "አብሽሩ" አለን። እኛ ወሎዎች አብሽር የማንልበት ነገር የለም፤ ለሐዘኑም ለደስታውም ለጠፋው በግም እንለዋለን። ደግ ቃል ነው። ግን አብሽሩ ከተባለ በኋላ ሰው ዝም ይላል፤ እኛም ዝም አልን። ለልጁ የተዘጋጀውን ብርድ ልብስና ልብሶች በፌስታል አድርገን ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀልነው። እርስ በርሳችን እንኳ ስሙን አላነሳንም። አንዳችን ሌላችንን ላለማስለቀስ ብለን ነበር። ረመዷን ገባ። አብረን አፈጠርን፣ አብረን ሰሑር በላን፤ ስለ ሽሮው ጨው አወራን።

ልጃችን የተመለሰችው ገና በአምስተኛው ቀን ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋውን አየች፤ ከበሩ ኋላ አየች። "የታለ?" አለች።

ከሁለታችን አንዳችን "አላህ ጋር ሄደ" አልናት። በዚያው ቅጽበት ሌላችን "አልመጣም" አልናት።

ሁለት መልስ ሰማች። አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው አየች። ቆየችና "ውሃ ጠማኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ጠይቃን አታውቅም። ረስታዋለች አልን፤ ልጅ አይደለች? የፕላስቲኩን ድስት የገዛነው እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው።

ሚኒባሱ ሥራ የጀመረው በሸዋል ነው። ወንበሩን ማን እንደያዘው የሰማነው ደግሞ በጎረቤታችን በኩል። ዕድሜ የጠገቡ እናት ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። በልግ ዝናብ የጣለ ቀን ቡና ልንጠጣ ጠርተናቸው መጡ። ጋቢናው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ልጃችን "ተይዟል" አለቻቸው።

"ማን ያዘው የኔ እናት?"

"ወንድሜ።"

"የምን ወንድም?"

"ኮምቦልቻ ነው ያለው። ሄጄ ላመጣው ነው።"

እማማ የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ከእኛ ስኒ ታጥብ የነበረችው ውሃውን መዝጋት ረሳች።

በልጃችን ሒሳብ ነገሩ ቀላል ነበር። ሰው ከቤት ሲጠፋ ያለው ኮምቦልቻ ነው። እሷ ራሷ ጠፍታ የከረመችው እዚያ አይደል? በሚኒባስ ሄዳ በሚኒባስ ተመለሰች። እሱ ግን የሚያመጣው ሰው አጥቶ ቀርቷል። እናትና አባቱ ትራስ ላይ ተደግፈው ቡና ይጠጣሉ።

እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ሰሞን አጥሚት ይዘው የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። ግን ፈሩ። ባዶ ቦታ ላይ ሰው አለ ማለት ደስ አይልም፣ ቁርኣን ይቀራባት አሉን። ደግሞም ውሸት ነው፤ ከአሁኑ ካልታረመች ትለምደዋለች አሉ። እኛም ወዲያው ተስማማን። እውነቱን ለመናገር ሰበብ ፈልገን ነበር፤ ያን ባዶ በርጩማ ከእንግዲህ ላለማየት ጥሩ ሰበብ ተገኘ። በርጩማዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድረን ጥግ አስቀመጥናቸው። "ሚኒባስ ጨዋታ የለም" አልናት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለን ነበር።

ሦስት ቀን ዝም አለች። ስኒዎቹ እንኳ ትምህርት አልነበራቸውም። በአራተኛው ቀን መጥረጊያውን ከማዕድ ቤት ይዛ ወጣች። እጀታው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ፌስታል አስራበታለች። እላዩ ላይ ወጥታ ከጓዳ እስከ በር ስትሮጥ ፌስታሎቹ አየር ሞልተው ይንሿሿሉ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልናት እየሳቅን።

"ፈረስ።"

"ፈረስ ክንፍ አለው እንዴ?"

ሳቃችንን ቀጠልን። ከረጅም ጊዜ በኋላ አብረን የሳቅነው ያኔ ነበር፤ ለዚህም ነው ሳቁ የጣፈጠን። እሷ ግን ከመጥረጊያው ወረደች። ፌስታሎቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ አጣጥፋ አስቀመጠቻቸው፣ መጥረጊያውን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ሄዳ ተኛች። ገና መግሪብ አልደረሰም ነበር።

በማግስቱ ከእኛ አንዱ በመግሪብና በዒሻ መካከል የሰፈራችንን ኡስታዝ አገኘና ነገሩን አጫወተው። የጠየቀው ስለ ሩቅያ ነበር። ልጅቷ ውሸት ለምዳለች፣ የሌለ ሰው አለ ትላለች፣ ምን እናድርግ ነው ያለው። ኡስታዙ ወጣት ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። መጀመሪያ "በርጩማው እውነት መኪና ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቋት ምን የምትላችሁ ይመስላችኋል?" አለ። እኛም ቤት ገብተን ጠየቅናት። እንደ ሞኝ አየችንና "በርጩማ ነው እንጂ!" አለችን። ለካ ታውቃለች። የሚዋሽ ሰው ሌላው እንዲያምነው ይፈልጋል፤ እሷ የፈለገችው አብረናት እንድንሳፈር ብቻ ነበር።

ኡስታዙ ሁለተኛ የጠየቀው ጥያቄ ግን እስካሁን ይቆረቁረናል። "ወንድሟ የት እንደሄደ ስትጠይቃችሁ ምን አላችኋት?" ነገረው፤ ሁለቱንም መልስ። ኡስታዙ አንድ ሐዲስ አስታወሰ፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። አንዲት እናት ልጇን የምሰጥህ ነገር አለኝ ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሟት፤ ምን ልትሰጪው ነው ብለው ጠየቋት። ተምር ልትሰጠው እንደነበር ተናገረች። ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ተብሎ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። ኡስታዙ ከዚህ በላይ አልጨመረም። መጨመርም አያስፈልገውም ነበር። ውሸት የነበረው በሌላ በኩል ነው፤ "አልመጣም" ያልነው ሰው እኮ መጥቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ስሙን ይዞ ነው የሄደው።

ከዚያ የፈረሱን ነገር ነገረው። ኡስታዙ ፈገግ ብሎ "የእናታችንን የዓኢሻን ፈረስ አታውቁትም?" አለ። ሰምተነው ነበር፤ ማን ያልሰማ አለ? ግን እንደዚያን ቀን ሰምተነው አናውቅም።

ይህም በአቡ ዳውድ የተዘገበ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻ ተመልሰዋል፤ ከተቡክ ወይም ከኸይበር፣ ዘጋቢው ሁለቱንም ጠቅሷል። የመንገድ ድካም አለባቸው። በዓኢሻ (ረ.ዐ) ክፍል ውስጥ መጫወቻዎቿ የተቀመጡበት ቦታ መጋረጃ ነበረው። ነፋስ መጣና የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጠው። እነዚህ ምንድን ናቸው ብለው ጠየቋት፤ ልጆቿ መሆናቸውን ነገረቻቸው። ከመካከላቸው ያለው ምንድን ነው አሉ፤ ፈረስ ነው አለች። እላዩ ላይ ያለውስ አሉ፤ ክንፎች ናቸው አለች። ክንፎቹ የጨርቅ ቁራጭ ናቸው። ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ የሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ መለሰችላቸው። የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ድረስ ሳቁ።

አያችሁ? ፈረስ ክንፍ አለው ወይ የሚለውን እኛም ጠይቀናል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሳቁም አለ። ግን እሳቸው እዚያ ጥያቄ ላይ የደረሱት ሦስት ጠይቀው፣ ሦስት መልስ ሰምተው ነው። አራተኛውንም ጠይቀው ጠበቁ። የሳቁት ከመልሷ በኋላ ነው። እኛ የሳቅነው መልሷን ሳንሰማ ነው። ጦር ሜዳ ውለው፣ የሀገር ጉዳይ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው የመጡ ሰው በጨርቅ ለተሠራ ፈረስ አራት ጥያቄ የሚሆን ጊዜ ነበራቸው። በቡኻሪና በሙስሊም ደግሞ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት እሳቸው ሲገቡ ልጆቹ አፍረው ይሸሸጉ እንደነበር፣ እሳቸውም መልሰው ወደሷ ይልኩላት እንደነበር ተዘግቧል። ብዙ ዑለማኦች የልጆችን አሻንጉሊት የፈቀዱት በዚሁ ተመርኩዘው ነው፤ ዝርዝሩን ለባለቤቶቹ እንተወው።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነገሩን ማንበብ ጀመርን። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉሙዲን ውስጥ፣ ልጅ ከቁርኣን ቤት ሲመለስ ጥሩ ጨዋታ እንዲጫወት ይፈቀድለት፤ ከጨዋታ ተከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት ብቻ ቢጨነቅ ቀልቡ ይሞታል፣ ብልህነቱም ይጠፋል የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። እኒህ ሰው ያረፉት በ1111 እ.ኤ.አ ነው። ስምንት መቶ ዓመት አልፎ ሌቭ ቪጎትስኪ የሚባል ሩሲያዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ዱላን ፈረስ ስለሚያደርግ ልጅ ተናገረ። እሱ እንደሚለው ልጅ መጫወት የሚጀምረው ሊተወው የማይችለው፣ ግን አሁን ሊያገኘውም የማይችለው ምኞት ሲኖረው ነው። ይህን ስናነብ ሁለታችንም ወደ ጥጉ፣ ወደ ተደረደሩት በርጩማዎች አየን።

የሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝን (ረ.ዐ) ዘገባም ያገኘነው ያን ሰሞን ነው። በዓሹራ ቀን ልጆቻቸውን ያስጾሙ ነበር። ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸዋል፤ ልጁ ለምግብ ሲያለቅስ መጫወቻውን ይሰጡታል፣ እስከ ፊጥር ድረስ በሱ ይቆያል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እነዚያ እናቶች ልጁ እንደራበው ያውቃሉ። ረሃቡን የለም አላሉም፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚያቆየውን ነገር በእጁ ሰጡት። የእኛ ልጅ ግን የሱፍ መጫወቻዋን ራሷ ሠራች። ከሰፌድና ከበርጩማ። እኛም ከእጇ ቀማናት።

በነጋታው ዐስር ሰግደን በርጩማዎቹን እኛው አወረድናቸው። ሰፌዱን ከሰቀላው አነሳን። መጥረጊያውንም አመጣንላት፤ ፌስታሎቹን ግን እኛ ብናስራቸው አላማራትም፣ ፈትታ እንደገና አሰረቻቸው። ቁጭ አልንና ጠየቅናት። እየሳቅን አይደለም።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ፈረስ።"

"እላዩ ላይ ያለውስ?"

"ክንፍ።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት የሁለታችንንም ፊት አየች። የዚያን ቀን ያየችን ዓይነት አስተያየት ነበር።

"ኮምቦልቻ ሄጄ አጣሁት። ደግሞ አላህ ጋር ነው ብላችኋል። ሚኒባስ አላህ ጋር አይደርስም።"

ወላሂ ከዚህ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አናስታውሰውም። ነገርናት። መጥቶ እንደነበር፣ ትንሽ እንደነበር፣ ፀጉሩ ጥቁርና ብዙ እንደነበር። ስሙን ነገርናት። ከሁለታችን አንዷ ስሙን ጮክ ብላ ስትጠራ ሌላው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማው። በአካል እንደሞተ፣ የሞተ ሰው በሚኒባስም በፈረስም ሄደው እንደማያመጡት ነገርናት። በሰሙራ (ረ.ዐ) የቡኻሪ ዘገባ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሕልማቸው ያዩትንም ነገርናት፤ ለምለም የአትክልት ቦታ፣ በመካከሉ በጣም ረጅም ሰው፣ በዙሪያው ብዙ ልጆች። ረጅሙ ሰው ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ናቸው። ልጆቹም በልጅነታቸው የሞቱት ናቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አሰበች። እኛ ታለቅሳለች ብለን ስንጠብቅ የጥያቄ መዓት አወረደችብን።

"ብዙ ልጆች ናቸው?"

"ብዙ።"

"ማን ያዝለዋል?"

ይህን አላወቅንም። አላህ ያውቃል አልናት።

"በርጩማ አላቸው?"

ይህንንም አላወቅንም። እሷ ግን የገባት ነገር ያለ መሰለን፤ ራሷን ነቀነቀች። ከእኛ አንዳችን ተነሥተን ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን ፌስታል አወረድን። ብርድ ልብሱን ስታየው "የሱ ነው?" አለች። የሱ ነው አልናት። አሸተተችው። ትንሽ ጥፍሯን በጠርዙ ላይ አስኬደችና አጣጥፋ ጋቢናው ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ሰፌዷን ይዛ ተቀመጠች።

"ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የሞላ!"

ተሳፈርን። ትራሱ ስልክ ያወራል። ጀሪካኗ ከገበያ ትመለሳለች። ጀበናዋ እንደ ድሮው እርጉዝ ናት፤ ቦታ ለቀቅንላት። ሹፌሯ ረዳት ሆና ዞር አለችና መዳፏን ዘርግታ ሒሳብ ሰበሰበች። ከእኛ አንድ አንድ ባቄላ ተቀበለች፣ የጀበናዋን ማረችላት። ጋቢናው ጋ ስትደርስ ቆመች።

"የሱን ማን ይከፍላል?"

ሁለታችንም እጃችንን በአንድ ጊዜ ወደ ባቄላው ሳህን ላክን። ሳህኑ ተገለበጠ። ባቄላው ወለሉ ላይ ተበተነ፤ እሷ ትስቃለች፣ እኛ እየሳቅን እያለቀስን በጉልበታችን እየሄድን እንለቅማለን።

"አንድ ሰው አንድ ነው!" አለችን። "ሁለታችሁ አትከፍሉም!"

ከፈልን። ተነሳን። ሐረጎ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ወደ ግራ አጋደልን።